አደይ አበባን ከዘር በጓሯችን ማብቀል

በመስከረም ቢጫ ለብሶ የነበረው የእንጅባራና የዳንግላ ሜዳ አሁን እየደረቀ ነው። ብዙዎቻችን «አበባው አለቀ» ብለን እናልፈዋለን። ዘር ለሚፈልግ ሰው ግን ትክክለኛው ጊዜ ይህ ነው።

አደይ አበባ ዓመታዊ ተክል ነው። በቅሎ፣ አብቦና ዘር ጥሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ እንደ ጽጌረዳ ከግንዱ ዳግም አያቆጠቁጥም። ስለዚህ የከርሞው አበባ ያለው በዘንድሮው ዘር ውስጥ ብቻ ነው። ለበዓል ብለን አበባውን ሙልጭ አድርገን ስንቀጥፍ ዘሩንም አብረን እንወስዳለን። ሜዳው ሲታረስ ወይም ባሕር ዛፍና ዲከረንስ ሲተከልበት ደግሞ የሚበቅልበት ቦታ ይጠባል። የጓሯችን ጥግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ዘር አያያዝ፦ የአበባው ራስ ደርቆ ሲጠቁርና ዘሩ በጣት ሲነካ በቀላሉ ሲለቅ ይሰብሰብ። ከአንድ ቦታ ጥቂት ብቻ ወስደን ቀሪውን ለመሬቱ እንተው። ዘሩን በጥላ ሥር አድርቀን በወረቀት ፖስታ እናስቀምጥ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያሻግተዋል።

አዘራር፦ ዝናቡ ሲረጋ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ መሬቱን ቆፍረን ጓሉን እናድቅ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት። ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍግ አናብዛ፤ ቅጠሉ ይበዛና አበባው ይቀንሳል። በመስመር ዘርተን አፈር በስሱ እናልብሰው። መስመሩ ቡቃያውን ከአረም ለመለየት ይረዳናል። ችግኙ የጣት ቁመት ሲደርስ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተውን እናሳሳው።

በኪራይ ቤት የምንኖርም ከሥሩ የተበሳ አሮጌ ጀሪካን ይበቃናል።

አደይ አበባ ከኑግ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ ልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጨጎጎትም የቅርብ ዘመዱ ነው። ንቦች ይወዱታል። ጓሯችን ውስጥ ሲያብብ ለቤታችን የምንፈልገውን ቀጥፈን፣ ቢያንስ ሲሶውን ለዘር እናቆየው። በቀጣዩ ክረምት ኢንሻአላህ ራሱ ይበቅላል።

የሰኔው ዘር ግን ዛሬ ካልተያዘ በኋላ ብንፈልገው አናገኘውም። ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ አንድ ፖስታ እንያዝ።