የደመወዝ ግብርን በስልክ ስለ መማር

በሶዶ ወረዳ በቡኢ ከተማ የሚኖር ደመወዝተኛ የገቢ ግብርን ሂሳብ ለመማር ዛሬ ርቆ መሄድ አያስፈልገውም፤ ማታ ከቤተ ሰቡ ጋራ ተቀምጦ በዩቲዩብ የሚሰጠውን ትምህርት በእጅ ስልኩ ሊመለከት ይችላል። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ የተዘጋጀበትን ዓመት አስቀድሞ እንዲመረምር እናሳስባለን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከግብር ነጻ ያደረገው በወር 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር አድርሶታል። ስለዚህ 5,000 ብር ደመወዝ ካለው ሰው ቀድሞ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀነስ ነበር፤ አሁን የሚቀነሰው 500 ብር ነው። ይኸውም ነጻ ከሆነው በላይ ላለው 2,000 ብር ከመቶ 15፥ ለቀረው 1,000 ብር ከመቶ 20 ተቈጥሮ ነው። ከመቶ 20 የተባለው በመላው ደመወዝ ላይ የሚታሰብ መስሎት 1,000 ብር ሊወሰድብኝ ነው ብሎ የሚደነግጥ አይጠፋም። አሮጌውን ትምህርት የተከተለ ግን 197 ብር ከ50 ሳንቲም ያለ አግባብ ቢቀነስበት እንኳ ልክ ነው ብሎ ዝም ይላል፤ የቤቱም እመቤት የወሩን ቀለብ በዚያው ልክ ታሳንሳለች።