በመኪና ውስጥ ሆኖ ፊልም ሲነሣ ንዝረትን ስለ መቀነስ
ከአዋሽ እስከ ሰመራ ለሚመላለሱ ነጋዴዎች የቀረበ ምክር

የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚተላለፍ መሆኑ ከአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ምንም እንኳ የኤሌክትሪክ ባቡሩ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ በአዳማ፥ በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል የንግድ አገልግሎት መስጠት ቢጀምርም፥ ከባድ መኪናዎች ዛሬም ከአዋሽ ተነሥተው በገዋኔና በሚሌ አድርገው፥ ሎግያንና ሰመራን አልፈው እስከ ጋላፊ ኬላ ይመላለሳሉ። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለው ብቻ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ነጋዴ ወይም ረዳት ካሜራ ያለው ስልክ በኪሱ ስለማይታጣ፥ የመንገዱንና የጭነቱን ሁኔታ ፊልም አንሥቶ ለደንበኛው መላክ የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከሚላከው ፊልም ብዙው እጅግ የሚንቀጠቀጥ በመሆኑ ለተመልካች ዓይን ከማድከም በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

አንድ አስመጪ ወዳጃችን የደረሰበትን ብንነግር ነገሩ ይብራራል። ይህ ሰው የብርጭቆ ዕቃ አስጭኖ ከሰመራ ወደ አዋሽ ሲመጣ፥ ሹፌሩ አስፋልቱ በተበላሸበት ስፍራ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ቢለምነው አልሰማ ስላለው፥ ስልኩን አውጥቶ ከጋቢናው ውስጥ ፊልም ያነሣ ጀመር። አዲስ አበባ ደርሶ ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ከዕቃው ከፊሉ ተሰብሮ ተገኘ። ፊልሙን ለአጓጓዡ ባሳየው ጊዜ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «ይህ የእጅዎ መንቀጥቀጥ እንጂ የመኪናው አይደለም።» ወዳጃችን የሚመልሰው አጣ። የሚንቀጠቀጥ ሥዕል የእጅን መንቀጥቀጥ ከመኪናው መናጥ ለይቶ አይመሰክርምና።

ስለዚህ ካሜራውን ከማንሣት በፊት ፊልሙ ለምን ሥራ እንደሚፈለግ መወሰን ያስፈልጋል። ለማስረጃ የሚነሣ ፊልምና ለደንበኛ ማሳያ የሚነሣ ፊልም አያያዛቸው ተቃራኒ ነው።

ለማስረጃ ሲሆን

ለማስረጃ የሚነሣ ፊልም የመኪናውን መናጥ ሊያሳይ እንጂ ሊሸሽግ አይገባውም። እንዲህ ከሆነ ካሜራው ከመኪናው ጋር አንድ አካል እንዲሆን በዳሽቦርዱ ወይም በፊት መስታወቱ ላይ በአጭርና በጠንካራ መያዣ ይታሰራል። ረጅም ክንድ ያለው መያዣ እንደ አለንጋ ስለሚወዛወዝ ንዝረቱን ያባብሰዋል። በሥዕሉ የታችኛው ጠርዝ የኮፈኑ ወይም የዳሽቦርዱ ጥቂት ክፍል መግባት አለበት። ዳሽቦርዱ ከቦታው ሳይነቃነቅ አድማሱና መንገዱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘሉ ከታዩ፥ የሚናጠው መኪናው መሆኑን ማንም ሊክደው አይችልም። ሁለቱም አብረው ከዘለሉ ግን የተንቀጠቀጠው ካሜራው ነው። የስልኩ ንዝረት አጥፊ መሣሪያ በዚህ ጊዜ መዘጋት ይኖርበታል፤ ለማሳየት የተፈለገውን መናጥ እርሱ ይሰርዘዋልና። የወዳጃችን ፊልም የጎደለው ይኸው አንድ የማይነቃነቅ ምልክት ነበር። እርግጥ ፊልም የጭነት ሰነድን የሚተካ ሳይሆን ሰነዱን የሚያግዝ ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ለማሳያ ሲሆን

ለደንበኛ ማሳያ የሚነሣ ፊልም ግን ካሜራውን ከመኪናው መለየትን ይጠይቃል። ከሞተሩ የሚመጣው ንዝረት ፈጣንና ደቃቅ ሲሆን፥ ከመንገዱ የሚመጣው ዝግ ያለና ሰፊ ነው። ፈጣኑን የሰው ሥጋና ጡንቻ በሚገባ ያበርደዋል። ስለሆነም ክንድን በበሩ ወይም በመስኮቱ ላይ ማስደገፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ጀርባን ከመቀመጫው ጥቂት አላቅቆ፥ ካሜራውን በሁለት እጅ ይዞ፥ ክርንን ሳያጠብቁ ወደ ጎን አስጠግቶ መያዝ ይሻላል። እጅ ለደከመው በሽምብራ ወይም በሩዝ ከግማሽ በላይ የተሞላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት በዳሽቦርዱ ላይ አኑሮ ካሜራውን በላዩ ማሳረፍ ይቻላል።

የመቀመጫውም ስፍራ ዋጋ አለው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የተቀመጠ ሰው በጎማው ላይ ከተቀመጠው ያነሰ ይናጣል። ባሌስትራው ለሙሉ ጭነት የተሠራ በመሆኑ ባዶ ከባድ መኪና ከተጫነው ይልቅ ይዘላል፤ ባዶውን ወደ ጅቡቲ ከሚወርድ መኪና ውስጥ የሚነሣ ፊልም የሚከፋው ስለዚህ ነው። ንዝረትን ለመቀነስ ሲባል የጎማ ነፋስ ማጉደል ግን በአፋር ሙቀት ጎማን ሊያፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይመከርም።

ማጉያን መተው ያስፈልጋል፤ ሥዕሉን ሁለት እጥፍ ያጎላ ሌንስ ንዝረቱንም ሁለት እጥፍ ያጎላዋል። በሰከንድ 60 ሥዕል አንሥቶ በ30 ማሳየት እንቅስቃሴውን በግማሽ ስለሚያዘገየው መናጡ ለዓይን ይለሰልሳል። በቆላው ጠራራ ፀሐይ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ እጅግ ስለሚያሳጥር ፊልሙ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ይህንም ጠቆር ያለ ማጣሪያ መስታወት በሌንሱ ላይ በማድረግ ማቅለል ይቻላል።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስቴዲካም የተባለውን መሣሪያ ሲፈጥር፥ የተጠቀመበት ዘዴ ካሜራውን በክብደት አመጣጥኖ በሞላ ክንድ ከተሸካሚው ሰውነት መለየት ነበር። ዛሬ በገበያ የሚገኘው ጂምባል የተባለው የእጅ መያዣ ደግሞ ንቅናቄውን ለክቶ በትናንሽ ሞተሮች ይመልሰዋል። ጂምባል መዟዟርንና ማዘንበልን ያርማል፤ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለልን ግን በሚገባ አያጠፋም። ባለሱቅ ይህን ለገዢው አስቀድሞ ቢነግረው በኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ይድናል።

የስልክ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፥ አይፎንን በኃይለኛ ሞተር ብስክሌት ላይ አስሮ ለብዙ ጊዜ መጓዝ በካሜራው ውስጥ ያለውን ንዝረት አጥፊ ክፍል ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል። በሞተር ብስክሌት ለሚጓዝ ደንበኛ እንግዲህ ንዝረት የሚያበርድ ክፍል ያለው መያዣ መሸጥ ይገባል። ለቆላ ተጓዥ የሚሸጥ ባለመምጠጫ መያዣም አስቀድሞ በፀሐይ ቢፈተን መልካም ነው፤ ላስቲኩ ሲሞቅ ሊለቅ፥ ስልኩም በመስታወት ሥር ሲግል ራሱን ሊዘጋ ይችላልና።

ማሳሰቢያ

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋገመ ጊዜ በመንገዶች ላይ ስንጥቅ ታይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የመንገዱን ሁኔታ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለሚቀጥለው ተጓዥ ትልቅ ውለታ ነው። ፊልሙን የሚያነሣው ግን ረዳቱ ወይም ተሳፋሪው እንጂ ሹፌሩ አይሁን፤ ግመልና ፍየል በሚያቋርጡት በዚህ መንገድ ላይ የሹፌር ዓይን ከፊቱ መነሣት የለበትም። ጥበቃ ባለበት ድልድይና ኬላ ሳይፈቀድ፥ የአካባቢውንም ሰው ሳያስፈቅዱ ካሜራ ማንሣት አይገባም። ስንጥቁንም ሆነ የተሰበረውን ዕቃ በሚገባ ለማሳየት የሚሻ ሰው፥ ደኅና ስፍራ ላይ ቆሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ከመኪናው ወርዶ ያንሣ፤ ከሁሉ የሚበልጥ ንዝረት አጥፊ የቆመ መኪና ነው።