ዋሻ የሌለው ፓርክ ከባለ ዋሻው ምን ይማራል? ከአልዱባ እስከ ማጎ

በማክሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው አልዱባ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዙ በርካታ ጎብኚዎችም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ማጎን በዝናብ ደኑና በኖራ ድንጋይ ዋሻዎቹ ከሚታወቀው የማሌዥያ ጉኑንግ ሙሉ ብሔራዊ ፓርክ ጋር በማነጻጸር፣ ጎብኚን የሚስብ የተፈጥሮ ሀብት ከምን እንደሚመነጭና ምን እንደሚያሰጋው ማስረዳት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሙሉ፣ 600 ሜትር ርዝመት፣ 415 ሜትር ስፋትና 80 ሜትር ከፍታ ያለውን የሳራዋክ የዋሻ አዳራሽ ይዟል። በዚያ ዋሻውን ከደኑ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የዝናብ ውሃ ወደ አፈር ሲሰርግ የዕፅዋት ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይህ አሲድ የኖራ ድንጋዩን ስንጥቆች እያሟሟ በረጅም ዘመን ያሰፋቸዋል። ውሃው ከዋሻው ጣሪያ ሲንጠባጠብ ጋዙን ስለሚለቅ፣ የሟሟው ማዕድን ተመልሶ ይረጋል።

በአገራችን ለዚህ ሂደት ዋናው ምሳሌ በባሌ የሚገኘው፣ የዌብ ወንዝ የሚያቋርጠውና 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። በደቡብ ምዕራብ ግን ጥንታዊ ተለዋጭ አለቶችና የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ስለሚያመዝኑ በማጎ እንዲህ ያለ ዋሻ አይጠበቅም።

ማጎ የዝናብ ደን ፓርክም አይደለም። 2,162 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ስፋቱ አብዛኛው ሣርና ግራር የለበሰ ቆላ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ደን የሚገኘው በኦሞ፣ በማጎና በነሪ ወንዞች ዳርቻ ነው። ይህ ደን የሚለመልመው በቦታው በሚጥለው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከደጋ በሚወርደው ውሃ ጭምር ነው። ነሪ የሚነሣው ከፓርኩ ወሰን ውጭ ካለው የአሪ ደጋ ነው። የደጋው የዕፅዋት ሽፋን ሲመናመን ጎርፍና ደለል ይበዛል፤ የበጋው ፍሰትም ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ማጎ ከሙሉ የሚወስደው ትምህርት ስለ ዋሻ አይደለም፤ ጎብኚው የሚያየው ነገር ከማያየው ሂደት የሚወለድ መሆኑ ነው። በሙሉ ሂደቱ ከእግር በታች ሲሆን፣ በማጎ ከፓርኩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በማጎ ጉብኝት ላይ የሚደረግ ጥናትም የጎብኚን ቁጥር ከመመዝገብ አልፎ የነሪን ተፋሰስና በዚያ የሚኖረውን አራሽ ማካተት ይገባዋል። የወንዙ ዳርቻ ደን ዕጣ በፓርኩ ጥበቃ ብቻ ሳይሆን በደጋው እርሻ አያያዝም ይወሰናልና።