አቡ መርኩብ ስለሚባለው ታላቅ የረግረግ ወፍ

በነጭ ዓባይ ረግረጎች ዐረቦች አቡ መርኩብ የሚሉት አንድ ታላቅ ወፍ ይኖራል፤ ትርጓሜውም የጫማ አባት ማለት ነው። መንቈሩ ሰፊ የእንጨት ጫማ ስለሚመስል፣ ጫፉም እንደ ጥፍር የተቈለመመ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ላባውም አመድማ ነው። በ1850 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ጆን ጉልድ የተባለ እንግሊዛዊ መልኩን ጽፎ የሳይንስ ስም ሰጠው። ቀድሞ ከሽመላ ወገን ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ለፔሊካን የቀረበ መሆኑ ታውቋል።

ዋና ማደሪያው በደቡብ ሱዳን ያለው የሱድ ረግረግ ነው። በኡጋንዳ፣ በኮንጎ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያም ይገኛል፤ በኢትዮጵያም በጋምቤላ በኩል አልፎ አልፎ ታይቷል። በዓለም የቀረው ሁሉ 10 ሺሕ እንደማይሞላ ሊቃውንት ይገምታሉ።

ደንገል በበዛበት ውሃ ውስጥ ነፋስ ስለማይገባ ዓሣው ለመተንፈስ ወደ ላይ ይወጣል። ይልቁንም ሳንባ ያለው ዓሣ አየር ካልሳበ አይኖርም። ወፉም ይህን ዐውቆ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዓሣው ብቅ ሲል በሙሉ ሰውነቱ ይወድቅበታል። ያላወቀ ሰው ሰነፍ ወፍ ይለዋል። አምባዛም ይበላል።

ሹማምንትና ባለመሬቶች ሊያስቡበት የሚገባው ወራት በጋው ነው። ወፉ ጎጆውን የሚሠራው ውሃው መጕደል ሲጀምር፣ በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ሣር ነው። ከ1 እስከ 3 እንቍላል ይጥላል፤ ነገር ግን ታላቁ ጫጩት ታናሹን ስለሚያሠቃየው ብዙውን ጊዜ የሚያድገው አንዱ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ወላጆቹ በመንቈራቸው ውሃ እያመጡ እንቍላሉንና ጫጩቱን ያርሳሉ። ጫጩቱ እስኪበር ድረስ ከ3 ወር በላይ ይፈጃል።

በዚሁ ወራት ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት ረግረጉን ያቃጥላል፤ እሳቱም ጎጆውን ይበላል። ይህን የሚያደርገው ለከብቱ ብሎ እንጂ በክፋት አይደለም። ጫጩቱን ከጎጆ አንሥቶ ለባዕድ አገር ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ግን በደለኛ ነው፤ አንድ ብቻ የሚያሳድግ ወፍ ያን አንዱን ሲያጣ የዓመቱ ፍሬ ጠፋ ማለት ነውና።

በዛምቢያ በባንግዌሉ ረግረግ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር የተመረጡ ሰዎች ደመወዝ እየተቀበሉ ጎጆ ይጠብቃሉ፤ ስፍራውን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ጎጆ በተገኘበት ቀበሌ ጫጩቱ እስኪበር እሳቱን ማቆየት፣ ታንኳም እንዳይጠጋ ማዘዝ ይገባል፤ ወፉ ሰው ካስደነገጠው እንቍላሉን ትቶ ይሄዳል።