ነፍሳትን የሚያጠምደው የመስኮት ተክል

ከዕጩ መምህራን ጋር ስለ ሥጋ በል ዕፀዋት ስንነጋገር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ተክሉ ነፍሳት እየበላ የሚኖር ከሆነ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆን ለምን አስፈለገው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ተክል ስለሆነ ነዋ» ብዬ አለፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን የትምህርቱ ፍሬ ነገር ያለው ከጥያቄው ውስጥ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ያን ጊዜ ያልሰጠሁትን መልስ፣ ፒንጉዊኩላ የተባለውን ተክል ምሳሌ አድርጌ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ፒንጉዊኩላ ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ግማሽ ያህሉ የሚበቅሉት በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። ስሙ የመጣው «የሰባ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው፤ ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስላልና። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች በመስኮት ዳር የሚያሳድጉት ፒንጉዊኩላ ሞራኔንሲስ የተባለውን የሜክሲኮ ዝርያ ነው።

በቅጠሉ ፊት ላይ ሁለት ዓይነት ጥቃቅን እጢዎች አሉ። አንደኞቹ በአጭር ዘንግ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ትንኝ ስታርፍ የምትያዘው በዚህ ነው። ሁለተኞቹ ከቅጠሉ ገጽ ጋር የተስተካከሉ ናቸው፤ ኢንዛይም አመንጭተው የትንኟን ለስላሳ አካል ያሟሙታል። የሟሟውን ቅጠሉ ይመጠዋል፤ ቅርፊቷ ብቻ ይቀራል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ሥጋ በል ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለዚህ ተክል ሰጥቶታል። ከሰሜን ዌልስ የተላኩለትን 39 ቅጠሎች ሲመረምር በ32ቱ ላይ 142 ነፍሳት ቆጠረ። የብርጭቆ ስባሪ በቅጠሉ ላይ ሲያስቀምጥ ፈሳሹ አልጨመረም፤ ሥጋ ሲያስቀምጥ ግን ፈሳሹ በረከተ፣ አሲድነትም አገኘ። እንግዲህ እጢዎቹ የሚነቃቁት ናይትሮጅን ያለበት የሚሟሟ ነገር ሲነካቸው ነው።

የተማሪው ጥያቄ መልስም እዚሁ ላይ ይገኛል። ተክሉ ኃይል የሚያገኝበትን ስኳር እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል በብርሃን አስተፃምሮ ራሱ ያዘጋጃል። ከነፍሳት የሚወስደው በይበልጥ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የሚበቅልበት ስፍራ ለምነት የጎደለው፣ ሥሩም ቀጭንና ጥቂት በመሆኑ እነዚህን ከአፈር በበቂ አያገኝም። በአጭሩ፣ ትንኟ ለተክሉ ማዳበሪያው እንጂ እንጀራው አይደለችም።

ይህን የተረዳ ሰው አያያዙን ለማወቅ አይቸገርም፤ ይኸውም፦

1ኛ/ አፈር፦ የታጠበ አሸዋና እንደ ፐርላይት ያለ ቀላል ጠጠር ተቀላቅሎ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ይደረጋል። ጀማሪዎች ለተክሉ አዝነው ጥቁር አፈርና ፍግ ይጨምሩበታል፤ ይህ ግን ሥሩን ይጎዳዋል።

2ኛ/ ውሃ፦ የዝናም ውሃ ይመረጣል። ጨው የበዛበት የቧንቧ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ጨው እያጠራቀመ ተክሉን ያዳክመዋል።

3ኛ/ ብርሃን፦ ብዙ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፤ ያለ ብርሃን ትንኝ ብቻዋን አታኖረውም።

4ኛ/ ነፍሳት፦ ትንኞችን ራሱ ይይዛል። ቁራሽ ሥጋ ቢያስቀምጡለት ቅጠሉ ይበሰብሳል።

በትውልድ አገሩ ደረቁ ወቅት ሲገባ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ይጠፉና ትናንሽ፣ ወፈር ያሉ፣ የማያጣብቁ ቅጠሎች ይተካሉ። ተክሉ ታመመ ብሎ ውሃ ማብዛት አይገባም፤ በዚህ ጊዜ ውሃ መቀነስ አለበት። ከእነዚህ ቅጠሎች አንዱን ከነመሠረቱ ነቅሎ እርጥብ አሸዋ ላይ ቢያስተኙት፣ ከሳምንታት በኋላ ከመሠረቱ አዲስ ተክል ይወጣል።

ተክሉ በእጃችን ባይኖርም ትምህርቱን ማስተማር እንችላለን። ተማሪዎች የባቄላን ሥር ነቅለው በላዩ ያሉትን እባጮች ይመልከቱ። በእባጮቹ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለባቄላው ያዘጋጁለታል። ገበሬዎቻችን ስንዴ በተዘራበት ማሳ ላይ ባቄላ የሚያፈራርቁትም ስለሚጠቅም ነው። ባቄላ የናይትሮጅንን እጥረት በሥሩ ሲወጣው፣ ፒንጉዊኩላ በቅጠሉ ይወጣዋል። ሁለቱም ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመልሱ።