ስለ ጨዎች ስምና ቀመር

ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተፈለጠ በግመል ጀርባ በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ገበያ ሲወጣ የኖረው፣ ለብዙ ዘመናትም በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የቆየው አሞሌ በኬሚስትሪ ሊቃውንት ዘንድ ሶዲየም ክሎራይድ ይባላል፤ በዚያው በዳሎል ምድር ውስጥ የሚገኘውና ለማዳበሪያ የሚፈለገው ሌላው ጨው ደግሞ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሁለቱ ነጥረውና ጠርተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም በውሃ የሚሟሙ ስለ ሆኑ፣ ዓይን ለይቶ አያውቃቸውም፤ ስማቸው ግን በምን እንደሚለያዩና በምን እንደሚዛመዱ ገና ሲጠራ ይመሰክራል። አንድ ስም የነገሩን ባሕርይ እስከዚህ ድረስ ሊገልጥ የቻለው ሊቃውንት መክረው በሠሩት ሥርዓት በመሆኑ፣ ይህን ሥርዓት ትምህርት ቤት ሳለ በቃል ብቻ አጥንቶ ላለፈውም ሆነ ከቶ ላላገኘው አንባቢ ማስረዳት የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።

በቀድሞው ዘመን የነገሮች ስም የሚወጣው ከመልካቸው፣ ከተገኙበት ቦታ ወይም ከሠራቸው ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገር በኤፕሶም ምንጭ የተገኘው የኤፕሶም ጨው፣ ጀርመናዊው ግላውበር ያዘጋጀው የግላውበር ጨው ተባለ፤ ከነዚህም የከፉት የአርሴኒክ ቅቤና የእርሳስ ስኳር የሚባሉት ስሞች ነበሩ፤ መርዙን ነገር የምግብ ስም አልብሰው ያቀርቡ ነበርና። የእርሳስ ስኳር በእውነት ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ሰውነትን ይመርዛል። ይህን ግራ መጋባት ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ1787 ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚዬ፣ ቤርቶሌና ፉርክርዋ የተባሉ አራት ፈረንሳውያን ሊቃውንት በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የእያንዳንዱ ውሑድ ስም ውሑዱ ከተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ስም እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላም ስዊድናዊው በርዜሊየስ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በላቲን ስሙ መነሻ ፊደላት መጻፍን አስተማረ፤ ዛሬ ተማሪው የገበታ ጨውን «ኤን ኤ ሲ ኤል» ብሎ የሚያነበው ሶዲየም በላቲን ናትሪየም ስለሚባል ነው።

ይሁንና እነዚህ አበው ምን ከምን ጋር እንደ ተዋሐደ ተናገሩ እንጂ ስለ ምን በዚያ መጠን እንደ ተዋሐደ አላስረዱም። የዚህ ምሥጢር ቁልፍ የተገኘው ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ፋራዴይ በ1834 የኤሌክትሪክ ኃይል በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች የሚጓዙትን ነገሮች አዮን ብሎ ሰየማቸው፤ በ1884 ደግሞ ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለ ወጣት በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ በውሃ የሟሟ ጨው የኤሌክትሪክ ሙል ወዳላቸው ክፍሎች እንደሚለያይ አመለከተ። መርማሪዎቹ ሐሳቡን ስላልወደዱት ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት፤ ለዚያው ሐሳብ ግን በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አንዱን ሲሰጥ 10 ቀርተውት ይረጋጋል፣ ከሰጠውም በአንድ አዎንታዊ ሙል ይቀራል። ክሎሪን 17 ኤሌክትሮኖች ስላሉት አንድ ተቀብሎ 18 ሲያደርስ ይረጋጋል፣ ከተቀበለውም በአንድ አሉታዊ ሙል ይገኛል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ሁለት ሁለት፣ አሉሚኒየም ሦስት ይሰጣሉ፤ ኦክስጅንና ድኝ ሁለት ሁለት ይቀበላሉ። ሰጪው ካታዮን፣ ተቀባዩ አናዮን ይባላል። የቀመር ሕግ ሁሉ በዚህ በአንዱ ላይ ይቆማል፤ የተሰጠው ሁሉ የተወሰደውን ሁሉ እስኪያህል ድረስ ውሑዱ አይጸናም፤ ዕዳው ሳይተርፍና ሳይጎድል የተከፈለ ዕለት ነው ሰጪና ተቀባይ የሚተሳሰሩት።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ማቅናት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የጨው ቀመር አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ለብቻቸው ጥንድ ሆነው እንደሚኖሩ የሚናገር ይመስለዋል። አባትና ልጅ የሆኑት ብራጎች እ.ኤ.አ. በ1913 በኤክስሬይ ሲመረምሩ ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ በጨው ድንጋይ ውስጥ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይዶች፣ እያንዳንዱም ክሎራይድ በስድስት ሶዲየሞች ተከቦ እስከ ድንጋዩ ዳር ድረስ በረድፍ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀመሩ የሚነግረን የአንዱን ብዛት ከሌላው ጋር ያስተያየ ምጣኔ ነው፤ አንድ ለአንድ ማለት ነው።

ስም ሲወጣ ካታዮኑ ይቀድማል፣ ስሙም አይለወጥም፤ አናዮኑ ይከተላል፣ ብቻውን የሆነ ንጥረ ነገር ከሆነም የስሙ መጨረሻ «አይድ» በሚል ድምፅ ይለወጣል፤ ክሎሪን ክሎራይድ፣ ኦክስጅን ኦክሳይድ ይሆናል። በስሙ ውስጥ ቁጥር አይነገርም። ካልሲየም ክሎራይድ ስንል አንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይዶችን እንደሚይዝ ስሙ ዝም ቢልም፣ የካልሲየም ሙል ሁለት፣ የክሎራይድ ሙል አንድ መሆኑን ያወቀ ሰው ቁጥሩን ከሕጉ ያገኘዋል፤ የዚህ ሥርዓት ውበት በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታያል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድን ቀመር ለመጻፍም ሦስትና ሁለት በስድስት ላይ እንደሚገናኙ ማየት ይበቃል፤ ሁለት አሉሚኒየም ስድስት ይሰጣሉ፣ ሦስት ኦክስጅን ስድስት ይቀበላሉ፤ ቁጥሮቹም ከፊደሎቹ ግርጌ በትንሹ ይጻፋሉ። መምህራን የአንዱን ሙል ለሌላው ግርጌ አሻግሮ መጻፍን እንደ አቋራጭ ያስተምራሉ፤ አቋራጩ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ምክንያቱን ያልተረዳ ተማሪ ማግኒዚየም ኦክሳይድን «ሁለት ለሁለት» ብሎ ጽፎ ወደ አንድ ለአንድ ሳያቃልለው ይቀራል።

አንዳንዱ አናዮን ብዙ አተሞች ተጣብቀው እንደ አንድ አካል የሚመላለሱበት ነው፤ ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ ሃይድሮክሳይድም የዚህ ወገን ናቸው። ለግድግዳ ቀለም የሚሆነው የተበጠበጠ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሆን፣ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይዶች ስለሚያስፈልጉ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በቅንፍ ታስረው ሁለት ቁጥር ከቅንፉ ውጭ ይጻፋል፤ ቅንፉ ከተረሳ ቁጥሩ ሃይድሮጅኑን ብቻ ይነካል፣ ቀመሩም የሌለ ነገር ይሆናል። ብረትን የመሰሉ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ፣ ጀርመናዊው አልፍሬድ ሽቶክ በ1919 ባቀረበው ዘዴ መሠረት ከስማቸው ቀጥሎ የሮማውያን ቁጥር ይገባል፤ ይህም ቁጥር የሙሉን ልክ እንጂ የብረቱን ብዛት አያመለክትም። የደጋውን አፈር ቀይ ያደረገው ውሑድ በሁለት ብረትና በሦስት ኦክስጅን ምጣኔ የቆመ ነው፤ ሦስቱ ኦክስጅን ስድስት ስለሚቀበሉ እያንዳንዱ ብረት ሦስት መስጠት አለበት፣ ስሙም ብረት ሦስት ኦክሳይድ ይሆናል።

የሕጉን ጽናት በራሳችን አካል ልንፈትነው እንችላለን። የጥርሳችን ገጽ የተሠራበት ማዕድን አምስት ካልሲየም፣ ሦስት ፎስፌትና አንድ ሃይድሮክሳይድ የያዘ ነው። አምስቱ ካልሲየሞች እያንዳንዳቸው ሁለት አዎንታዊ ሙል ስላላቸው በድምሩ አሥር ይሆናሉ፤ ሦስቱ ፎስፌቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አሉታዊ ሙል ስላላቸው ዘጠኝ፣ ሃይድሮክሳይዱ ሲጨመር አሥር። ፍሎራይድም እንደ ሃይድሮክሳይድ አንድ አሉታዊ ሙል ያለው በመሆኑ ሚዛኑን ሳያፈርስ በእርሱ ስፍራ መግባት ይችላል፤ በጥቂቱ ሲገባ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል፣ በስምጥ ሸለቆአችን ብዙ ጉድጓዶች እንደሚታየው በውሃው ውስጥ ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበላሻል፤ አጥንትንም ይጎዳል።

በስም መጨረሻ ያለችው አንዲት ድምፅም ቀላል አይደለችም። ፖታሲየም ክሎራይድ ከገበታ ጨው የሚዛመድ ሲሆን፣ ፖታሲየም ክሎሬት ሦስት ኦክስጅን ተሸክሞ በክብሪት ራስ ላይ እሳት የሚያነሣ ነው። ባሪየም ሰልፌት ስለማይሟሟ የሆድ ዕቃ በኤክስሬይ እንዲታይ ለሕመምተኛ እንዲጠጣ ይሰጣል፤ ባሪየም ካርቦኔት ግን በጨጓራ አሲድ ሟሙቶ ሰውን ይገድላል። በአገራችን በገበታ ጨው ላይ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴትም ከፖታሲየም አዮዳይድ የተመረጠው ሙቀትንና እርጥበትን የበለጠ ስለሚታገሥ ነው።

ስለዚህ ኬሚስትሪን ለምታስተምሩ ሁሉ የማቀርበው ልመና አለኝ። ልጆቹ የቀመር ዝርዝር በቃላቸው እንዲይዙ ከማስገደዳችሁ በፊት የታወቁትን አዮኖች ሙል አስጠኗቸው፤ ከዚያም የጻፉትን ቀመር ሁሉ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ደምረው ራሳቸው እንዲመረምሩ አድርጉ፤ ድምሩ ዜሮ ካልመጣ፣ እናንተ ሳትነግሯቸው ስሕተቱን ያገኙታል።