ስለ ሻሂ ቅጠል አያያዝና አፈላል

ጨለለቅቱ የቡና አገር መሆኗ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለቡና ግዥ የሚመጣው እንግዳ እንግሊዛዊ የሆነ እንደ ሆነ፣ ማለዳ የሚሻው ወተት የገባበት ወፍራም ሻሂ ነው። ለዚህም ከውሽውሽና ከጉማሮ እርሻዎች የሚገኘው ጥቁር ሻሂ ይበቃል፤ ጣዕሙን የሚያበላሹት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው አቀማመጡ ነው። የሻሂ ቅጠል ሽታና እርጥበት ፈጥኖ ይስባል። ከቡና ጆንያ፣ ከኮረሪማ፣ ከሳሙና ወይም ከላምባ አጠገብ ከዋለ የእነርሱን ሽታ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ቆርቆሮ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለተኛው የውሃው ሙቀት ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ስለዚህ በደጋ አገር ውሃው እየተንተከተከ ሳለ፣ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ በተለቀለቀ በራድ ውስጥ ባለው ቅጠል ላይ ይፍሰስ። ለአንድ ስኒ አንድ የሻሂ ማንኪያ ቅጠል ተመድቦ፣ ተከድኖ 5 ደቂቃ ይቆይ። ቅጠሉን በእሳት ላይ አብሮ ማንተክተክ ያመርረዋል። ቀረፋና ቅርንፉድ የአገራችን ወግ ስለ ሆኑ፣ እንግዳው ካልጠየቀ አይጨመሩም።

ከአንድ እሽግ ሻሂ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ በእንክብካቤው የረካ እንግዳ ግን ለቡናው ግዥ ተመልሶ ይመጣል።